ግሌን ሚለር ማን ነበር? እንዴትስ ጠፋ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ግሌን ሚለር የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ በጦርነት መሀል ባህር ላይ ከጠፋችው አውሮፕላን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም እዚህ አለ። ነገር ግን ሰውየው ከመጥፋቱ በፊት የሠራውን ሳያውቁ የአጠፋፉን ወሬ ብቻ መቀባበል ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከልጅነቱ እንነሣለን። ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን ለይቼ እጽፋለሁ።

ግሌን ሚለር ማን ነው?

አሜሪካዊ የትሮምቦን ተጫዋች፣ የሙዚቃ አቀናባሪና የትልቅ ባንድ መሪ ነው። ከ1939 እስከ 1942 ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሬዲዮ የከፈተ፣ ጭፈራ ቤት የገባ ወይም ሳንቲም እየተጨመረበት ሸክላ የሚያጫውተውን ሣጥን የነካ ሰው የእሱን ባንድ ሳይሰማ አይውልም ነበር። «ኢን ዘ ሙድ» እና «ሙንላይት ሰረኔድ» የተባሉት ሥራዎቹ እስከ ዛሬ ይሰማሉ። ስሙን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማውን ሲሰማ «ይቺንማ አውቃታለሁ» ይላል።

የት ተወለደ? እንዴትስ ወደ ሙዚቃ ገባ?

መጋቢት 1 ቀን 1904 አዮዋ ግዛት ውስጥ ክላሪንዳ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሙሉ ስሙ አልተን ግሌን ሚለር ነው። ቤተሰቡ ኑሮ ፍለጋ ከነብራስካ ወደ ሚዙሪ፣ ከሚዙሪ ወደ ኮሎራዶ ተዘዋውሯል። የመጀመሪያዋን ትሮምቦን የገዛው ሚዙሪ ሳሉ ላም እያለበ ባጠራቀማት ገንዘብ ነው ይባላል። ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ሞርጋን በምትባል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1921 ጨረሰ፤ በምረቃው ቀን ግን እሱ የባንድ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ስለነበር ዲፕሎማውን የተቀበሉለት እናቱ ናቸው። ከዚያ ቦልደር የሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ልቡ ከባንድ ጋር ስለነበር ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ።

በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሰው ባንድ ውስጥ ሲጫወትና ሲያቀናብር ኖረ፤ በቤን ፖላክ፣ በዶርሲ ወንድማማቾች፣ በኋላም በሬይ ኖብል ባንድ። በ1928 ከኮሌጅ ጀምሮ የሚያውቃትን ሄለን በርገርን አገባ። ባልና ሚስቱ ልጅ ስላልወለዱ ኋላ ሁለት ልጆች በጉዲፈቻ ወስደዋል።

ሙዚቃው ከሌሎቹ በምን ይለያል?

እዚህ ጥያቄ ላይ ረጋ ብዬ ብቆይ ደስ ይለኛል፤ የሰውየው ሥራ ያለው እዚህ ነውና።

በዘመኑ ትልቅ ባንድ ማለት ትራምፔቶች፣ ትሮምቦኖች፣ ሳክስፎኖች፣ ከእነሱም ጋር ፒያኖ፣ ጊታር፣ ባስና ድራም ማለት ነው። የሳክስፎኑን ረድፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመራው አልቶ ሳክስፎን ነበር። ሚለር ግን ዜማውን ከላይ ለክላርኔት ሰጠ። ያንኑ ዜማ ቴነር ሳክስፎን አንድ ኦክታቭ፣ ማለት ስምንት ኖታ፣ ዝቅ ብሎ እንዲከተል አደረገ። የቀሩት ሦስት ሳክስፎኖች በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በኅብር ይሞሉታል። ውጤቱ ሞቅ ያለ፣ ከላዩ የሚያበራ ድምፅ ነው።

ሐሳቡ የመጣለት በአጋጣሚ ነው ይባላል። በ1935 ለሬይ ኖብል ባንድ ሲያቀናብር አንድ ትራምፔት ተጫዋች ከፍ ያለ ድምፅ ላይ መጫወት ይወድ ስለነበር ከሳክስፎኖቹ በላይ ያለውን መስመር ለእሱ ይጽፍለት ነበር። ሰውየው ሲለቅ የተተካው ያን ያህል ከፍታ መድረስ አልቻለም። ሚለርም መስመሩን ለክላርኔት አዞረው። ከዓመታት በኋላ በራሱ ባንድ ውስጥ ይህን መስመር የተጫወተው ዊልበር ሽዋርትዝ የሚባል ወጣት ነው።

«ሙንላይት ሰረኔድ»ን በጆሮ ማዳመጫ ብትሰሙት ይህን ለዩልኝ፦ መጀመሪያ ክላርኔቱን ብቻ ተከተሉ። ሁለተኛ ስትሰሙ ክላርኔቱን ተዉትና ከሥሩ ያለውን ቴነር ፈልጉ። እኔ ለዓመታት የአንድ መሣሪያ ድምፅ የመሰለኝ ነገር ሁለት ሰዎች በአንድ ትንፋሽ የሚጫወቱት እንደሆነ የገባኝ እንደዚያ ስሰማው ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ሊሰማኝ አልቻለም።

«ኢን ዘ ሙድ» ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። መጨረሻው አካባቢ ያቺው ሐረግ እየተደጋገመች በመጣች ቁጥር ድምፁ ይቀንሳል፣ ይቀንሳል፣ ሊያልቅ ነው ስትሉ ባንዱ በሙሉ ድምፅ ይመለሳል። ጭፈራ ላይ የነበሩ ወጣቶች እዚያች ቦታ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም። ዜማው የሚለር ድርሰት አይደለም፤ ደራሲ ሆኖ የተመዘገበው ጆ ጋርላንድ ነው። ሚለር የሠራው ረዝሞ የነበረውን ቅንብር እየቆረጠ እዚያ ማድረስ ነው።

ስኬቱ ወዲያው መጣ?

አልመጣም። በ1937 ያቋቋመው የመጀመሪያ ባንድ ዓመት ሳይሞላው ከሰረና በ1938 መባቻ ተበተነ። በዚያው ዓመት በብድር ጭምር ሁለተኛውን መሠረተ። ዕድሉ የተከፈተው በ1939 ኒው ዮርክ ግዛት ኒው ሮሼል ውስጥ ግሌን አይላንድ ካሲኖ በተባለው ታዋቂ ጭፈራ ቤት ለበጋው ሲቀጠር ነው፤ ከዚያ የሚጫወቱ ባንዶች በሬዲዮ ለመላ አገሪቱ ይተላለፉ ነበርና። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በየካቲት 10 ቀን 1942፣ ስለ ባቡር የተዘፈነው «ቻታኑጋ ቹ ቹ» ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ቅጂ በላይ ስለተሸጠ አሳታሚው ሸክላውን በወርቅ ቀለም ቀብቶ ሸለመው። የመጀመሪያው «የወርቅ ሸክላ» ሽልማት እሱ ነው።

እንደ አለቃ እንዴት ያለ ሰው ነበር?

ጥብቅ። መነጽር ያደረገ፣ የሒሳብ መምህር የሚመስል ሰው ነበር። ሰዓት፣ ልብስ፣ የመድረክ ሥርዓት ላይ ቀልድ አያውቅም። ከእሱ ጋር የሠሩ አንዳንዶች ቀዝቃዛ ነው ብለው አማርረውታል፤ ሌሎች በቃሉ የሚገኝ ሰው ነው ብለዋል። እኔን የሚገርመኝ ራሱን ማወቁ ነው። በትሮምቦን ከቶሚ ዶርሲ ጋር እንደማይወዳደር ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ በራሱ ብቸኛ ጨዋታ ላይ ከመንጠልጠል ይልቅ ድካሙን ሁሉ ቅንብሩ ላይ አዋለ።

ከዝናው ላይ ሳለ ለምን ዘመተ?

የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። በ1942 ዕድሜው 38 ነው፤ ባለትዳር ነው፤ ባንዱ በሳምንት ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ያስገባ ነበር። መጀመሪያ ለባሕር ኃይል አመለከተ፤ አልተቀበሉትም። ከዚያ በነሐሴ ወር ለብርጋዴር ጀኔራል ቻርልስ ያንግ ደብዳቤ ጽፎ የጦሩን ሙዚቃ ዘመናዊ ለማድረግ እንዲያገለግል ጠየቀ። ተፈቀደለት። መስከረም 27 ቀን 1942 ኒው ጀርሲ ፓሴይክ ከተማ ከባንዱ ጋር የመጨረሻውን ትርኢት አቀረበና በሻምበልነት ማዕረግ ዘመተ።

በጦሩ ውስጥ ምን ሠራ?

በኋላ ወደ ጦር አየር ኃይል ተዛውሮ ኮነቲከት ኒው ሄቨን በሚገኘው ዬል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ትልቅ ባንድ አደራጀ። ከጃዝ ባንዶች የመጡትን የትንፋሽ መሣሪያ ነፊዎችና ከሲምፎኒ ኦርኬስትራ የመጡትን ቫዮሊን ተጫዋቾች አንድ ላይ አስቀመጠ። በብሉዝ ዜማ የተሠራ የሰልፍ ማርሽ አስጫውቶ አንዳንድ አዛውንት መኮንኖችን አስቆጥቷል፤ ወታደሩ ግን ወደደው።

በ1944 አጋማሽ ባንዱ እንግሊዝ ገባ። መጀመሪያ ያረፉት ለንደን ስሎን ኮርት በሚባል ጎዳና ነበር። ሰዓቱ ጀርመኖች ቪ-1 የሚባለውን ሰው አልባ ቦምብ ሌት ተቀን የሚለቁበት ነው። ሚለር ቦታው አላማረውም፤ ወትውቶ ባንዱን ከለንደን በስተ ሰሜን ወዳለችው ቤድፎርድ ከተማ አዛወረ። እነሱ በወጡ በማግስቱ፣ ሐምሌ 3 ቀን፣ ያው ጎዳና ላይ ቪ-1 ወድቆ በርካታ አሜሪካውያን ወታደሮችን ገደለ። ባንዱን በዚያን ቀን ያዳነው ሰው ከአምስት ወር በኋላ እሱ ራሱ ጠፋ።

በቤድፎርድ ቆይታቸው ለተባባሪ ኃይሎች በሚተላለፈው ሬዲዮ ላይ በየጊዜው ይጫወቱ፣ በየአየር ጣቢያው እየዞሩም አውሮፕላን መጠለያ ውስጥ ትርኢት ያቀርቡ ነበር። በነሐሴ ሚለር ሻለቃ ሆነ። በዚያው መኸር ለጀርመን ወታደሮች የታሰበ ስርጭትም ቀርፀዋል፤ ዘፋኙ ጆኒ ዴዝሞንድ በጀርመንኛ ሲዘፍን፣ ሚለርም ቃሉን በጆሮው እየያዘ በጀርመንኛ ሲናገር ቀረጻው እስከ ዛሬ አለ። ጀኔራል ጂሚ ዱሊትል የሚለርን ባንድ ከቤት ከሚመጣ ደብዳቤ ቀጥሎ ለወታደሩ ሞራል ትልቁ ነገር ነው ብለው አመስግነውታል።

በጠፋበት ቀን በትክክል ምን ሆነ?

ባንዱ ነጻ ወደወጣችው ፓሪስ ሊዛወር ነበር። ሚለር ቀድሞ ሄዶ ማረፊያውንና የስርጭቱን ነገር ማሰናዳት ፈለገ። የአየሩ ጠባይ ግን ለቀናት በረራ እያሰረዘ አስቸገረው። በዚህ መሀል የሚያውቃቸው ሌተና ኮሎኔል ኖርማን ቤይሰል በራሳቸው ጉዳይ ወደ ፈረንሳይ ሊበሩ ስለነበር «ቦታ አለ፣ ና» አሉት።

ታኅሣሥ 15 ቀን 1944፣ በእኛ ታኅሣሥ 6 ቀን 1937፣ ከቤድፎርድ አጠገብ ካለው ትዊንዉድ ፋርም አየር ማረፊያ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ላይ ተነሡ። አውሮፕላኗ ኖርስማን የምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ ማመላለሻ ናት። አብራሪው ጆን ሞርጋን ይባላል። መድረሻቸው ፓሪስ አጠገብ ያለው ቪላኩብሌ ነበር። ቀኑ ብርዳማ፣ ደመናው ዝቅ ያለ ነው። የባንዱ አስተዳዳሪ ዶን ሃይንስ አየር ማረፊያው ድረስ ሸኝቶታል። እንደ ሃይንስ አተራረክ ሚለር ሞተሯ አንድ ብቻ መሆኑ አሳስቦት ሲናገር፣ ታዋቂው አብራሪ ሊንድበርግ አትላንቲክን የተሻገረው በአንድ ሞተር አይደለም ወይ የሚል መልስ ተሰጥቶታል። ከዚያ በኋላ ሦስቱንም ያየ የለም።

ወዲያው ለምን አልተፈለጉም?

ይህ ጥያቄ ነው የሤራ ወሬዎቹን ሁሉ የወለደው። መልሱ ግን ግልጽ ነው። ሚለር በዚያች አውሮፕላን እንደተሳፈረ የበላይ አለቆቹ አያውቁም፤ የተፈቀደለት ጉዞ በዚያ መንገድ አልነበረም። በማግስቱ ታኅሣሥ 16 ደግሞ ጀርመኖች አርደን ጫካ ውስጥ ታላቁን ማጥቃት ጀመሩ፤ በፈረንሳይና በቤልጂየም ያለው የጦር ቢሮ ሁሉ ተተረማመሰ። አንዲት ትንሽ ማመላለሻ አለመድረሷን ልብ ያለ አልነበረም።

የታወቀው ታኅሣሥ 18 ቀን ባንዱ ፓሪስ ሲያርፍ ነው። ከአውሮፕላን ወርደው ዙሪያውን ቢያዩ ሊቀበላቸው የሚገባው ሰው የለም። ሃይንስ በየቢሮው ቢጠይቅ ሚለርን ያየ አንድም ሰው ጠፋ። ሄለን የተነገራት የፈረንጆች ገና ዋዜማ ሲቃረብ ነው፤ ለዓለም የተነገረው ታኅሣሥ 24 ምሽት።

ታዲያ ምን ገደላቸው?

በጥር 1945 የተሰየመው የጦሩ አጣሪ ቡድን አውሮፕላኗ ኢንግሊሽ ቻናል፣ ማለት እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየው ባህር ውስጥ፣ ሳትወድቅ እንዳልቀረች ደምድሟል። ከሁሉ የሚያሳምነው ማብራሪያ የበረዶ ነገር ነው። ኖርስማን አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ካርቡራተሯ በርጥበታማ ብርድ በረዶ የመያዝ ችግር ነበረባት። ካርቡራተር ሲዘጋ ሞተሩ ይታፈናል። ከደመና በታች ዝቅ ብሎ የሚበር ሰው ሞተሩ ሲጠፋበት ያለ ሞተር እየተንሳፈፈ ለመውረድ የሚበቃ ከፍታ የለውም፤ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ወር ውሃው ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ከመውደቁ ቢተርፍ እንኳ ከብርዱ አይተርፍም። በቦልደር የሚገኘውን የሚለር ማኅደርና የጦሩን ሰነድ የመረመረው ዴኒስ ስፕራግም የደረሰው እዚህ ድምዳሜ አካባቢ ነው።

ለዚህ ድምዳሜ ክብር የሚነሡ ሰዎች ይገርሙኛል። ታላቅ ሰው በታላቅ ምክንያት መሞት አለበት የሚል ሕግ የለም።

የራሳቸው ወገን ቦምብ ነው የመታቸው የሚባለውስ?

ከሌሎቹ ወሬዎች ሁሉ ቁም ነገር ያለው ይህ ነው። በዚያው ቀን ጀርመን ዚገን ከተማን ሊደበድቡ የተነሡ ከ130 በላይ የእንግሊዝ ላንካስተር ቦምብ ጣዮች ተልእኮአቸው ተሰርዞ ተመለሱ። ቦምብ ይዞ ማረፍ አደገኛ ስለሆነ ለዚሁ በተከለለ የባህር ቦታ ላይ አራገፉት። ከቦምብ ጣዮቹ የበረራ ሠራተኞች አንዱ ፍሬድ ሾው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከሥራቸው ትንሽ አውሮፕላን በፍንዳታው ተገልብጣ ስትወድቅ አይቻለሁ አለ።

ይሆን ይሆናል? የሚሞግቱት ሰዎች ሁለት ነገር ያነሣሉ፦ ሰዓቱና መንገዱ። ከለንደን በስተ ምዕራብ ባለ አካባቢ ይሠራ የነበረ አንድ የ17 ዓመት ልጅ የሚያያቸውን አውሮፕላኖች ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ይመዘግብ ነበር፤ በዚያ ቀን አንዲት ኖርስማን ስታልፍ ጽፏል። ያ መዝገብና ከማኅደር የወጣው ሰነድ ሲገጣጠሙ ቦምቡ በተራገፈበት ሰዓት የሚለር አውሮፕላን እዚያ አልደረሰችም የሚለው ያመዝናል። እኔም ወደዚያው አደላለሁ።

ሌሎች ወሬዎችስ?

በ1983 ወንድሙ ኸርብ፣ ግሌን ባህር ላይ ሳይሆን በሳንባ ካንሰር ሆስፒታል ውስጥ ነው የሞተው ብሎ ነበር። በ1997 አንድ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ፓሪስ ውስጥ ከሴተኛ አዳሪ ጋር ሳለ ሞተ አለ። በስለላ ተልእኮ ላይ ነበር የሚሉም አሉ። አንዳቸውም ሰነድ አላቀረቡም፤ ሁሉም ደግሞ አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃሉ፦ ሚለር ፓሪስ ደርሶ ከሆነ ሞርጋንና ቤይሰል የት ሄዱ? አውሮፕላኗስ?

ስለ ሁለቱ ሰዎች ማንም የማይጠይቅበት ምክንያት አይገባኝም። ጆን ሞርጋንና ኖርማን ቤይሰል የሚጠብቃቸው ቤተሰብ ነበራቸው። የወሬ ፈጣሪዎች ሚለርን ለማዳን ሲሉ ሁለቱን ከታሪኩ ይሰርዟቸዋል።

መቃብሩ የት ነው?

አስከሬን ስላልተገኘ መቃብር የለውም። ስሙ እንግሊዝ ካምብሪጅ አጠገብ ማዲንግሊ በሚገኘው የአሜሪካ ወታደሮች መካነ መቃብር፣ የጠፉት ሰዎች ስም በተቀረጸበት ረጅም ግድግዳ ላይ አለ። አርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ውስጥም በ1992 የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል። የመጨረሻዋን ጉዞ የጀመረበት ትዊንዉድ ላይ የአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ዛሬ ሙዚየም ነው።

በ1954 የተሠራው ፊልም እውነት ነው?

ጄምስ ስቱዋርት ሚለርን ሆኖ የተወነበት ፊልም ደስ የሚል ነው፤ ለታሪክ ግን አትመኑት። ለምሳሌ መጨረሻው ላይ ባንዱ ለሄለን የገና ስጦታ ብሎ የሚጫወታትን «ሊትል ብራውን ጃግ» ሚለር አስቀድሞ በ1939 ቀርጿታል።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አገራችን አልመጣም፤ ከእኛ ሰው ጋርም አልሠራም። ሆኖም ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሲደራጁ መልካቸው ያው የትልቅ ባንድ መልክ ነው፤ የትራምፔት ረድፍ፣ የትሮምቦን ረድፍ፣ የሳክስፎን ረድፍ፣ ከፊት ዘፋኝ። ነርሲስ ናልባንዲያን የአገራችንን ዜማ ለእንዲህ ያለ ባንድ ሲያቀናብሩ የነበሩት በዚያ ዘመን ነው። አሜሪካኖች አስመራ ቃኘው ጣቢያ ላይ በነበራቸው ሬዲዮም የአገራቸው ሙዚቃ ይሰማ ነበር። የጥላሁንን የክቡር ዘበኛ ዘመን ቀረጻ የሚወድ ሰው ሚለርን ሲሰማ እንግዳ ቤት የገባ አይመስለውም፤ ወታደር መለያ ለብሶ ሕዝብ የሚያስጨፍር ባንድ ምን እንደሆነ እኛም እናውቃለን።

ባንዱ እሱ ከጠፋ በኋላ ምን ሆነ? ከየትኛው ሥራውስ ልጀምር?

የጦሩ ባንድ አልተበተነም። አቀናባሪው ጄሪ ግሬይና ድራም ተጫዋቹ ሬይ ማኪንሊ እየመሩት ፓሪስ ላይ ሥራውን ቀጠለ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅም ተጫወተ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ቴክስ ቤኔኪ ስሙን ይዞ ባንድ መራ፤ ከ1956 ጀምሮ ደግሞ የግሌን ሚለር ኦርኬስትራ እየተባለ እስከ ዛሬ ይዞራል።

ለመጀመር «ሙንላይት ሰረኔድ»ን በ1939 ቀረጻ ስሙ፤ ቀጥሎ «ኢን ዘ ሙድ»ን። ከዚያ በ1944 መኸር ከጦሩ ባንድ ጋር ለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ የቀረጸውን ፈልጉ። ድምፁ ሰፍቷል፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከኋላ ናቸው፣ ቫዮሊኖቹ ከፊት መጥተዋል። በአንዳንዶቹ መሀል ሚለር ራሱ ይናገራል፤ ቀስ ያለ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ የመካከለኛው አሜሪካ ድምፅ፣ ቀጣዩን ዜማ ሲያስተዋውቅ።